የተሰፋ ኪስ

መስከረም 20

ለአጎቴ ልጅ ልጅ፣ ለቁንጥንጧ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናና ሥራ ሞልቶልሽ ያግኝሽ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። እግሬ ይሄዳል፣ ዓይኔ ክር በመርፌ ያስገባል፣ ምላሴም እንደምታውቂው ነው፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «መቀስ» እያለ ይጠራኛል።

ደብዳቤ ስለጻፍኩልሽ አትገረሚ። ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ፊደል ስቆጥር የሳቁብኝ ዘመዶቻችን ዛሬ የሚገኙት በስልክ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ስልክ አይሰማኝም። አባቴ «ሴት ልጅ ጽፋ ለማን ልትልክ ነው?» ብሎ ወንድሞቼን ብቻ አስተማረ። ወንድሞቼም ተምረው አንድ መስመር ሳይጽፉልኝ ይኸው አረጁ። እኔ ግን ለማን እንደምልክ አውቄያለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ግራ ጆሮዬ ከደነቆረ ቆይቷል። አሁን ቀኙም እየተከተለው ነው። ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ካልጮኸ አልሰማም፤ ከኋላዬ ከሆነማ መኪናም ቢመጣ አላውቅም። በጥር መጨረሻ አንድ የጆሮ ቀዶ ሐኪም ከውጭ ወደ ሆስፒታላችን ይመጣል፤ ጥቂት ሰው ሠርቶ ይመለሳል። ረዳቱ ሐኪም መረመረችኝና፣ መጮኹ ሲሰለቻት በወረቀት ጻፈችልኝ፤ «ግራ ጆሮዎ በተሠራበት ጊዜ የተነሣው የራስ ቅልዎ ምስል ያስፈልጋል። አጥንቱ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደተበላ ሐኪሙ ሳያይ ቀኙን አይነካም።»

ምስሉ ሆስፒታሉ ዘንድ ጠፍቷል። ያለው እኔ ዘንድ ነው። ያኔ በሲዲ ሰጥተውኝ ከገበር ጨርቆቼ መካከል አስቀምጬዋለሁ።

ሲዲ የሚያነብ ፍለጋ ዞርኩልሽ። የሆስፒታሉ ኮምፒውተር የሲዲ አፍ የለውም። ፎቶ ኮፒ ቤትም ያለው የለውም። የጥገና ቤቱ ሰውዬ ሲዲውን ተቀብሎኝ ጥርሱን አየበትና «እማማ፣ ይሄ አሁን መስታወት ነው» አለኝ። ከከንፈሩ ነው ያነበብኩት። በዚህ ሰፈር የሲዲ አፍ ያለው ኮምፒውተር አንቺ ባሕር ማዶ ስትሄጂ የተውሽልኝ ብቻ ነው የቀረው። እሱንም ሲዲውን አጎረስኩት፣ ዋጠው፣ ዝም አለ። ያ የጥገና ቤት ሰውዬ መጥቶ አየና «ማንበቢያው ሞቷል፣ ኮምፒውተሩንም አብረው ይጣሉት» ብሎኝ ሄደ።

እውነት ሞቷል? የሠራሽው አንቺ ነሽ፤ የምትነግሪኝም አንቺ ነሽ። ሞቷል ካልሽኝ አምንሻለሁ፤ ሐኪሙም ሌላ ሰው ይሠራል፣ እኔም ዝምታዬን እለምዳለሁ።

አክስትሽ


ጥቅምት 8

ለተከበሩ እትዬ፤

ዕድሜዎ ይርዘም፣ ጤናዎ እንደ ምላስዎ ይበርታ። ደብዳቤዎ ሥራ ቦታ ነው የደረሰኝ፤ ሳልቀመጥ ቆሜ አነበብኩት። አጠገቤ የሚሠራው ሰው ፊቴን አይቶ «ክፉ ወሬ ነው?» አለኝ። «አይ፣ አክስቴ ናት፣ ተቆጥታ ነው» አልኩት። «ላንቺ የምትቆጣ አክስት አለችሽ? የታደልሽ!» አለኝ።

እትዬ፣ ማንበቢያው አልሞተም። ሲዲውን ከዋጠ በሕይወት አለ ማለት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሁሉን የሚያዝ አንድ ሥር ፕሮግራም አለው፤ ከርነል ይባላል። ከርነሉ እያንዳንዱን ዕቃ የሚያውቀው ድራይቨር በሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ድራይቨር ያልተሰጠው ዕቃ አፍንጫው ሥር ቢቆምም ከርነሉ አያየውም። ያ ኮምፒውተር አርጅቶ ስለነበር፣ እንዲቀልና እንዲፈጥንልዎ ብዬ ከርነሉን ራሴ አጥብቤ ነው የሠራሁት፤ ማንም አይፈልገውም ያልኩትን ድራይቨር ሁሉ አወጣሁ። ከወጡት አንዱ የሲዲ ማንበቢያው ነው። ስለዚህ ማንበቢያው አለ፤ ኮምፒውተሩ ግን መኖሩን አያውቅም።

መልሶ ማስገባት ይቻላል። የሚሠራበት መሣሪያ ሁሉ እዚያው ውስጥ ተቀምጧል። ነገር ግን ማንበቢያው በገመዱ የተያያዘበት ክፍል ምን ዓይነት እንደሆነ ካላወቅሁ የትኛውን ድራይቨር እንደምሰጠው አላውቅም። እኔ እዚህ፣ እርስዎ እዚያ፤ ቤትዎ ኢንተርኔት የለም። ሲዲውን በፖስታ ቢልኩልኝስ? ወይም ካሜራ ያለው ስልክ የያዘ ሰው ስክሪኑን ፎቶ ቢያነሣልኝ?

ሁለቱም ካልሆነ፣ በሌላው ወረቀት ላይ መጫን ያለብዎትን ቁልፎች ኪቦርዱ ላይ እንዳሉት አድርጌ ሥያቸዋለሁ። በተራ ይጫኑ፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ሁሉ ገልብጠው ይላኩልኝ። አንድ ነገር ብቻ፤ ቁልፉ ላይ ያለው ፊደልና ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልኩ አይመሳሰልም። አይደንግጡ፣ ያው ፊደል ነው።

ታናሽዎ


ጥቅምት 25

ለቁንጥንጧ፤

ሰላምና ጤና ከደጅሽ አይራቅ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድም ቦታ «ቀላል ነው» አላልሽም። ለዚህ ብቻ አከበርኩሽ። እኔን ያስተማረኝ ሁሉ «ይሄማ ቀላል ነው» እያለ ነው ያደነቆረኝ፤ ጆሮዬ እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የታመመው።

የነገርሽኝ ገብቶኛል። አዲስ ኮት ከፋብሪካ ሲወጣ ኪሱ በክር ተሰፍቶ ነው። የማያውቅ ሰው እጁን ሊያስገባ ይሞክርና «ኪስ የለውም፣ የውሸት ነው» ብሎ ያማል። ኪሱ ግን አለ፤ ክሩን መፍታት ነው። አንቺ ኪሱን ሰፍተሽ ሄድሽ፣ ያ የጥገና ቤት ሰውዬ ደግሞ ኮቱን ጣዪው አለኝ።

ሲዲውን አልልክም። አንድ ነው ያለኝ፤ ፖስታ ቤት ከጠፋ ጆሮዬም አብሮ ጠፋ። ካሜራ ያለው ስልክ ያላት የተኳረፍኳት የግድግዳ ጎረቤቴ ናት፤ እሷን ለመጠየቅ መጀመሪያ ሰላም ልላት ነው። እሱ ይቅር።

ያልሽውን ቁልፍ ተጫንኩ። የእኛ ፊደል ያን ያህል በዝቶ እያንዳንዱ አንድ ፊት ነው ያለው፤ እነዚህ እፍኝ የማይሞሉ ሆነው እያንዳንዳቸው ሁለት ፊት! ሰውም ከዚህ ነው የተማረው መሰለኝ።

ስክሪኑ ሞልቶ ጻፈ። እኔ ደግሞ የፈረንጅ ፊደል አልቆጠርኩም፤ በእጄ ብገለብጠው የትኛው እግር የትኛው ጅራት እንደሆነ አልለይም። ስለዚህ በማውቀው መንገድ ሠራሁት። ቀጭኑን የቅድ ወረቀት፣ ከመጽሔት ላይ የልብስ ቅድ የማነሣበትን፣ ስክሪኑ ላይ ለጠፍኩና ከሥር የሚያበራውን ፊደል ሁሉ በእርሳስ ተከተልኩት። ብርሃኑ ራሱ ያሳያል። አንዱ ወረቀት ሲያልቅ ሌላ ለጠፍኩ። ሦስት ደንበኞች «ቀሚሴስ?» ብለው መጡ። «ዛሬ የምሰፋው ሌላ ነው» ብዬ መለስኳቸው። ጥቅሉ ይኸው።

አክስትሽ


ኅዳር 14

ለተከበሩ እትዬ፤

እጅዎን ቁስል አይንካው። ጥቅሉን ስፈታው ከጠረጴዛዬ ተርፎ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ መጣ። አለቃችን፣ ለማንም የማይስቅ ሰው፣ ተንበርክኮ አንዱን መስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበና «ይሄን ማን ነው የጻፈው?» አለ። «አክስቴ ናት።» «ይህን ቋንቋ ታውቃለች?» «ኧረ ፊደሉንም አታውቀውም።» ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ እንደገና ጎንበስ አለና አንድ ስሕተት ፈልጎ አጣ። እትዬ፣ ነጥቦቹ እንኳ በቦታቸው ናቸው። በዕድሜዬ እንዲህ አድርጎ ሥራ የሚያከብር ሰው ከእርስዎ ሌላ አላየሁም፤ ሳላጋንን ነው።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርዎ። የየመስመሩ የቀኝ ጫፍ የለም። የምፈልገው ስም፣ ማንበቢያው የተያያዘበት ክፍል ስም፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚጻፈው። «እንዲህ ያለ ክፍል አለ፣ የሠራውም…» ይልና ወረቀቱ ያልቃል። ግምት ልሰጥዎ እችላለሁ፤ ግምቱ ከተሳሳተ ግን የተሳሳተውን ለማወቅ ሌላ ደብዳቤ፣ ለማረም ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ሊሄድ ነው። ጥር እየቀረበ ነው። ስለዚህ ሳልገምት እጠይቅዎታለሁ፤ ጫፉ ወዴት ሄደ? ስክሪኑ ላይስ አለ?

ታናሽዎ


ኅዳር 27

ለቁንጥንጧ፤

ለአንቺም ለዚያ ተንበርካኪ አለቃሽም ጤና ይስጥልኝ።

ጫፉ ስክሪኑ ላይ አለ። እኔ ነኝ የተውኩት። የቅድ ወረቀቴ ከስክሪኑ ጠባብ ነው፤ ዳር ዳሩ አልደረሰም። በእኛ ሥራ ደግሞ ዳሩ ትርፍ ነው። ልብስ ሲቀደድ በዙሪያው ጣት የሚያህል ጨርቅ ይተዋል፣ ለስፌት። ቅድ ስታነሺ ትርፉን አታነሺውም፤ ዋናው መሃሉ ነው። መስመሮቹ ወደ ቀኝ አንዱ ረዝሞ አንዱ አጥሮ ዳራቸው እንደ ተተረተረ ጨርቅ ሲሆንብኝ «ይሄ ትርፉ ነው» ብዬ አለፍኩት። ዕድሜዬን ሙሉ መሃሉን ይዤ ዳሩን ስጥል ኖሬ፣ የምፈልገው ነገር ዳር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

ተናደድኩ። በራሴ እንዳልናደድ በፊደሉ ተናደድኩ። ፍሬ ነገሩን መጨረሻ ላይ የሚናገር ምን ዓይነት ጸሐፊ ነው? ሰው ቢሆን «አቦ ሆድህ ያለውን አውጣው» ይባላል።

ቁልፎቹን እንደገና ተጫንኩና ዳሩን ብቻ አነሣሁ። የትኛው ጫፍ የየትኛው መስመር እንደሆነ እንዳይጠፋሽ፣ የመስመሩን የመጨረሻ ቃል ከነጫፉ ደግሜዋለሁ፤ ኮሌታና አንገት የሚገናኙበትን ምልክት እንደማደርገው። አንቺ አጋጥመሽ ስፊው።

ረዳቷ ሐኪም ስሜን ተረኞቹ ዝርዝር ላይ አስፍራዋለች፤ ከስሜ ጎን ግን የጥያቄ ምልክት አድርጋለች። ምስሉ ሲመጣ ይሰረዛል፤ ካልመጣ ስሜ ነው የሚሰረዘው።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 21

ለቁንጥንጧ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ፖስታ ቤት ሄጄ መጣሁ። ደግሜ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት ገና ከሩቅ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ለደንቆሮ ጥሩ መልስ ነው፣ መጮህ አያስፈልገውም።

ሥራ እንደሚኖርሽ አውቃለሁ። የራስሽ ሕይወት እንዳለሽም አውቃለሁ። ዘመድ ሲባል መጀመሪያ ይሮጣል፣ ቀጥሎ ይራመዳል፣ ቀጥሎ ይቀመጣል፤ ይሄንን ከአንቺ በፊት ከብዙ ሰው አይቼዋለሁ። አንቺ ግን የምትቀመጪ አልመሰለኝም ነበር። ከብዶሽ ከሆነ «አልቻልኩም» ብለሽ ጻፊልኝ። ሰው «አልቻልኩም» ሲለኝ አልቀየምም፤ ዝም ሲለኝ ነው። ዝምታማ ሞልቶልኛል።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 24

ለተከበሩ እትዬ፤

ፈጣሪ ትዕግሥትዎን ያብዛልዎ፤ ዘግይቻለሁና። እንደሚሰድቡኝ እያወቅሁ ነው የዘገየሁት።

ዳሮቹ ደረሱኝ፣ መሃሉ ላይ አጋጠምኳቸው፣ ጥልቅ ብለው ገቡ። የክፍሉን ስም አገኘሁት። በዚያው ቀን መልስ ልጽፍልዎ ነበር። ከዚያ እጄን ያዝኩት። ድራይቨር የሚመረጥበት ገጽ በፈረንጅ ፊደል የተሞላ ረጅም ዝርዝር ነው፤ አንዱን መስመር ስቶ ሌላውን የነካ ሰው ኮምፒውተሩ ጭራሽ ላይነሣለት ይችላል። «ይሄን ቃል ይፈልጉ» ብዬ ብጽፍልዎ ዓይንዎን አፈሳለሁ። ስለዚህ የእርስዎን ዘዴ ሠረቅሁ።

አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ዞሬ የዚያኑ ዓይነት ኮምፒውተር፣ ያንኑ ስክሪን ፈለግሁ። ጊዜ የበላብኝ እሱ ነው። ሳገኘው ያንኑ ጠባብ ከርነል ጫንኩበትና ሥራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ራሴ ሞከርኩት፤ ፊደል እንደማላውቅ ሆኜ፣ ቅርጹን ብቻ እያየሁ። ሁለቴ ጠፋሁ፤ የጠፋሁበትን ቦታ ሁሉ መንገዱን ቀየርኩት። ከዚያ የሚፈለጉትን ቃላት በስክሪኑ ልክ በቀጭን ወረቀት ላይ አነሣኋቸው። ከዚህ ጋር ያሉት ናቸው።

በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያሉትን ቁልፎች ተጭነው ዝርዝሩን ይክፈቱና የቃሉን ወረቀት ስክሪኑ ላይ ያድርጉ። ወደታች የሚያመለክተውን ቁልፍ እየተጫኑ መስመሮቹን ያውርዱ። ከሥር ያለው ቃል ከወረቀቱ ቃል ጋር ልክ ሲገጥም ያቁሙ። ከዚያ ረጅሙን ቁልፍ ይጫኑ፤ ከቃሉ ጎን ባለው ቅንፍ ውስጥ ኮከብ ይወጣል። ሌላ ፊደል ከወጣ ኮከብ እስኪሆን ደግመው ይጫኑ። የሚፈለጉት ሦስት ኮከቦች ናቸው። አንዱ ገመዱ የተያያዘበትን ክፍል ለሚያውቀው ድራይቨር፤ አንዱ ማንበቢያውን ራሱን ለሚያውቀው፤ አንዱ ደግሞ ሲዲ ላይ የሚጻፍበትን የአጻጻፍ ዓይነት ለሚያውቀው። አንዱ ቢጎድል ሁለቱ ምንም አይፈይዱም።

ከዚያ በመጨረሻው ወረቀት ላይ ያሉትን ቁልፎች ይጫኑ፤ ኮምፒውተሩ ከርነሉን እንደ አዲስ መሥራት ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። አይንኩት፣ አያጥፉት። ሲያበቃ አጥፍተው ሲያበሩት ሁለት ምርጫ ያሳይዎታል፤ የላይኛው አዲሱ ነው፣ የታችኛው አሮጌው። አዲሱ እንቢ ካለ አሮጌው በቦታው አለ፤ ምንም አይጠፋብዎትም።

እትዬ፣ ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌላ ደብዳቤ ለመላላክ ቀን የለንም። ግን እጅዎን አውቀዋለሁ።

ታናሽዎ


ጥር 13

ለቁንጥንጧዬ፤

ያሳደገሽ ይባረክ፤ ከምርቃቱ ደግሞ እኔም ልብስሽን ሰፍቻለሁና ትንሽ ይድረሰኝ። ያ የስድብ ደብዳቤዬ ገና ካልደረሰሽ፣ ሲመጣ አትክፈቺው። ከደረሰሽም ያው እኔ ነኝ።

ወረቀቶችሽን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁና ብዙ ሰዓት አየኋቸው። መስመርሽ አይንቀጠቀጥም። የቱ ቅድ በየትኛው ተራ እንደሚመጣ ምልክት አድርገሻል፣ ላይና ታቹን አመልክተሻል። ሙያ ያለው ሰው ይታወቃል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ሳመሰግን ምላሴ ይተሳሰራል፤ ስለዚህ በልብስ ሰፊ ቋንቋ ልንገርሽ፤ አንቺ የቀደድሽውን ጨርቅ ሳልለካ እሰፋዋለሁ።

እንዳልሽው አደረግሁ። የመጀመሪያው ቃል ቶሎ ገጠመ። ሁለተኛው አሳሳተኝ፤ የሚመስል መስመር ነበር፣ በአንድ እግር ብቻ የሚለይ። ወረቀቱን ባላደርግበት ኖሮ ኮከቤን ለሌላ ሰጥቼ ነበር። ሦስተኛው ከሩቅ ታች ነው የተገኘው። ሦስቱን ኮከብ ሳይ ልቤ መታ፤ ልብ ደግሞ ከውስጥ ስለሆነ ይሰማኛል።

ከዚያ ጎርፉ ጀመረ። አንዲት ደንበኛዬ ጉርድ ልትለካ ገብታ ስክሪኑን አየችና አፏን ያዘች፤ ከዚያ ፊቴ መጥታ ጮኸች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ከርነል» አልኳት።

«ለማን?»

«ለራሴ።»

«ስንት ሜትር ይፈጃል?» አለችኝ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ኖሮ ጉንጬን አመመኝ።

ቀኑ ሲመሽ ጎርፉ ቆመ። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ሁለቱ ምርጫ መጣ። የላይኛውን መረጥኩ። ስክሪኑ ጨለመ፤ ቆየ፤ እኔም ቆየሁ። ቆይቶ ቆይቶ ነቃ። ሲዲውን አጎረስኩት። ድምፅ አልሰማም፣ ታውቂያለሽ፤ መዳፌን ሣጥኑ ላይ አደረግሁ። አንድ ነገር ውስጡ መዞር ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ ስክሪኑ ሳያሳየኝ በፊት በመዳፌ አወቅሁት።

ምስሉ ተከፈተ። ራሴን አየሁት ልጄ፣ እንደ ታጠፈ ጨርቅ በስስ በስሱ ተቆርጦ፣ አንዱ ከአንዱ ሥር። መልከ መልካም ባልሆንም አጥንቴ ቆንጆ ነው።

ክሩ ተፈታ። ኪሱ ኪስ ሆነ።

አክስትሽ


የካቲት 1

ለተከበሩ እትዬ፤

ደስታዎ አይጉደልብዎ። ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ተርጉሜ አነበብኩላቸው። «ስንት ሜትር ይፈጃል» የሚለው ላይ ስደርስ ያ የማይስቀው አለቃችን ሳቀ። አሁን እኛ ክፍል ከርነል በሜትር ሆኗል የሚለካው።

የስድቡም ደብዳቤ ደርሶኛል። ከፍቼ አንብቤዋለሁ። «አንቺ ግን የምትቀመጪ አልመሰለኝም ነበር» የምትለዋን መስመር ቆርጬ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌያታለሁ፤ መቀመጥ ሲያምረኝ አያታለሁ።

አንድ ያሰጋኝ ነገር አለ። የሐኪሞቹ ኮምፒውተር ሲዲ አያነብም፤ እርስዎ ቤት ቢከፈት እነሱ እንዴት ያዩታል? ምስሉ ፍላሽ ወደሚሉት፣ ኮምፒውተር ላይ ወደሚሰካ ትንሽ ማስቀመጫ መገልበጥ አለበት። አገለባበጡን በሌላው ወረቀት ሥዬልዎታለሁ፤ ጥር አልፏልና እንዳይዘገይ ብቻ እፈራለሁ። ሐኪሙስ መጣ? ምን አለ? እባክዎ ወዲያው ይጻፉልኝ፤ አሁን ፖስታ ሣጥኑን በየቀኑ እየሄድኩ የማየው እኔ ሆኛለሁ።

ታናሽዎ


የካቲት 18

ለልጄ ለቁንጥንጧ፤

የሩቅ ዘመድ ማለት አንቺ ከሆንሽ የቅርቡ ሁሉ ይራቅልኝ። ፈጣሪ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ።

ምክርሽ የደረሰኝ ራሴን በፋሻ ከተጠመጠምኩ በኋላ ነው። የሆነውን በተራ ልንገርሽ።

ሐኪሙ በቀኑ መጣ። እኔ ደግሞ መገልበጥ የሚባለውን አላወቅሁም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከነስክሪኑ ነቅዬ፣ በጥጥ በተሞላው ብርድ ልብሴ ጠቅልዬ፣ ጋሪ ላይ አስጫንኩት። ጋሪ ገፊው ፊቴ ቆሞ ጮኸ፤ «እትዬ፣ ሆስፒታል የሚተኙት ከነቴሌቪዥንዎ ነው?»

«ቴሌቪዥን አይደለም፣ ራሴ ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም።

የሆስፒታሉ ዘበኛ ዕቃ ማስገባት ክልክል ነው አለ። ረዳቷ ሐኪም ከውስጥ አይታኝ እየሮጠች ወጣች፤ አብረን ይዘን ገባን። ቀዶ ሐኪሙ ረጅም ሰው ነው። ብርድ ልብሱ ሲፈታ ሣጥኑን አየና ፈገግ አለ፤ ሙዚየም ያየ ሰው ፈገግታ። እኔ ቁልፉን ተጫንኩ፣ የላይኛውን መረጥኩ፣ ሲዲውን አጎረስኩ፣ መዳፌን አሳረፍኩ። ምስሉ ሲከፈት ፈገግታው ጠፋ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሆስፒታሉ አሁን ያነሣኝን አዲስ ምስል ከጎኑ አድርጎ አንዱን ስስ ከአንዱ ስስ ጋር እያስተያየ ቆየ። እኔ ሌላ አልችልም፣ ፊቱን አነባለሁ፤ ፊቱ ግን እንደ ፈረንጅ ፊደል ነው፣ አይነበብም።

በመጨረሻ ለረዳቷ ነገራት፣ እሷም ጻፈችልኝ፤ «አጥንቱ አልተበላም። ነገ ጠዋት ይሠራል።» ከዚያ የጥያቄ ምልክቱን ፊቴ ሰረዘችው።

ሐኪሙ ሌላ ጠየቃት። «ይሄን ማን ነው ያስነሣልዎት ይላል» ብላ ጻፈች። «የአጎቴ ልጅ ልጅ ናት፤ ከባሕር ማዶ ሆና፣ በወረቀት» አልኳት። ተርጉማ ነገረችው። አላመነም። ወረቀቶችሽን ከቦርሳዬ አውጥቼ አንዱን ስክሪኑ ላይ ለጠፍኩለት። ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ በሁለት እጁ እጄን ጨበጠ፤ አንቺን መጨበጡ ነው፣ እኔ መሃል ላይ ሆኜ ነው። ሰላምታውን ይኸው አድርሻለሁ።

ተሠራሁ። ሰመመን ከሚሉት እንቅልፍ ስነቃ ራሴ በፋሻ ታስሮ እንደ ክር ጥቅል ሆኗል። ፋሻው እስኪፈታ ምንም አይሰማም አሉኝ። ጠበቅሁ። «ካልሰማሁ ለዚያች ልጅ ምን ብዬ እጽፍላታለሁ?» ስል ነበር። ለራሴ አይደለም ያዘንኩት፤ ያን ሁሉ ዞረሽ ስክሪን ፈልገሽ፣ ሥራሽ ከንቱ እንዳይቀር ብዬ ነው። ይሄን ለሌላ ሰው አትንገሪ፣ የዋህ ሆናለች ይሉኛል።

ትናንት ፋሻውን ፈቱት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ሐኪሟ ፊቴ ቆማ «እንዴት ነው?» ስትል ከንፈሯን አነበብኩ እንጂ አልሰማሁም፤ ወይም ሰምቼ ይሆናል፣ አልለየሁትም። ራሴን ነቀነቅሁ። እሷም ትከሻዬን ዳበስ አድርጋ ወጣች። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀመጥኩ። ዝምታዬን እለምዳለሁ ብዬሽ አልነበረ? ልለምድ ጀመርኩ።

ከዚያ ከኋላዬ፣ ከበሩ በኩል፣ ሰው ተናገረ።

«ይቺ ከነኮምፒውተሯ የመጣችው ነዝናዛ ሴትዮ መቼ ነው የምትወጣልን?»

ልጄ፣ ከኋላዬ ነው! ከንፈር አላየሁም፣ ፊት አላየሁም፤ ቃሉ ራሱ መጣ፣ አንድም ሳይጎድል። ስንት ዘመን ከኋላዬ ሲያሙኝ ኖረዋል መሰለሽ፣ አንዱንም ሳልመልስላቸው!

ዞርም አላልኩ።

«ነገ ጠዋት» አልኩ።

ነርሷ የያዘችው ትሪ ከእጇ አምልጦ ዕቃው ወለሉ ላይ ተበተነ። እሱንም ሰማሁት።

አክስትሽ